አንድ ጽድ ለሁለት ቤት

ባለፈው ሳምንት አሪየት ደብተሯን ይዛ መጣች። አሪየት የአከራዬ ልጅ ናት፤ ሰባተኛ ክፍል ነች። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እኔን «ሲስተር» ትለኛለች። አዋላጅ ነርስ ሆኜ ወደ ጋምቤላ ከመጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ሙቀቱን ግን ዛሬም አልለመድኩትም። የዚያን ዕለትም ከሥራ ገብቼ፣ እግሬን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ ማንጎ እየላጥኩ ነበር።

«ሲስተር፣ የሰላም ክበብ የቤት ሥራ ሰጥቶናል» አለችኝ። «የድሮ ሰዎች ጥፋት ሲደርስ ሳይደባደቡ እንዴት ነበር አጥፊውን የሚያገኙት? ትልቅ ሰው ጠይቃችሁ ጻፉ ተብለናል።»

«ትልቅ ሰው እኔ ነኝ?»

«ፀጉርሽ እኮ ነጭ አለበት።»

ሳቅኩና ስለ አውጫጭኝ ነገርኳት። በእኛ አገር በድሮ ጊዜ ከብት ሲሰረቅ፣ ክምር ሲቃጠል፣ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየ ሰው ለተመረጡት ዳኞች በስውር ይናገራል። ያን ሰው «ወፍ» ይሉታል፤ ማን እንደሆነ አይገለጥም፤ የጠራው ስም ግን ይወጣል። አሪየት ምላሷን በጥርሷ ይዛ እየጻፈች ቆየችና ቀና ብላ፣ «ከዚያስ? ስሙ የወጣው ሰው ምን ይሆናል?» አለችኝ።

«ይኼ ይበቃሻል» አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። ማንጎው ግን እጄ ላይ ቀረ። ጥያቄዋን ለመመለስ የምችል ሰው ነበርኩ፤ ስሙ የወጣው ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

የተወለድኩት መንዝ ነው፤ ከቀየት ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር። እኔ ልጅ ሳለሁ በእኛ ዘንድ ዛፍ ማለት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የቆመው ጽድ ነበር። ከዚያ ውጭ ባሕር ዛፍ በየደጁ አለ፤ የቀረው ሣርና ድንጋይ፣ ገብስና በግ ነው። ኅዳር ሲገባ ሜዳው ጠዋት ጠዋት በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል። ትምህርት ቤት ስንሄድ ትኩስ የገብስ ቆሎ በነጠላችን ጫፍ ቋጥረን፣ እስኪቀዘቅዝ እጃችንን እናሞቅበትና ከዚያ እንበላዋለን። አሁን በዚህ ሙቀት አገር ተቀምጬ ያን ስናገር ሰው ተረት የማወራ ይመስለዋል።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። በየትምህርት ቤቱ ክበብ የሚባል ነገር መጣ፤ የሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ የቀይ መስቀል ክበብ፣ የማይታወቅ ክበብ ሁሉ። የእኛን ክበብ ያቋቋሙት መምህር ግርማ ነበሩ። ዓለም ከተማ የምትባል ከተማ ሰው ናቸው፤ ቆላ ለምደው መንዝ ተመደቡ። ሁለት ሹራብ ደርበው፣ በሹራቡ ላይ ኮት፣ በኮቱ ላይ ጋቢ ለብሰው ነበር የሚያስተምሩን። ልጆች ከኋላቸው «ቆለኛው» ይሏቸዋል። አንድ ቀን ሰምተው ዞር አሉና፣

«አዎ፣ ቆለኛ ነኝ» አሉ። «በእኔ አገር ፀሐይ ሰውን ታሞቃለች። እናንተ ዘንድ ግን ሰው ነው ፀሐይዋን የሚያሞቃት።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ ቆለኛው ያላቸው የለም።

የሰላምና የችግኝ ክበብ ብለው ሰየሙት። ሁለቱ ነገር እንዴት አንድ ላይ እንደሚሄድ ማናችንም አልገባንም። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ፣ «ቤታችሁ ከማን ቤት ጋር ነው የማይነጋገረው?» ብለው ጠየቁ። ይህ በአደባባይ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ቆይቶ አንዱ እጁን አወጣ፤ ሌላውም ተከተለ። በመጨረሻ ጥቁር ሰሌዳው በስም ተሞላ። ድንበር በመግፋት፣ በግጦሽ፣ በጋብቻ፣ ከዚያም በፊት በሆነና ልጆቹ በማያውቁት ነገር የተቀያየሙ ቤቶች ነበሩ። መምህር ግርማ ስሙን ሁለት ሁለቱን በኖራ መስመር አገናኙት።

«ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ጽድ እሰጣለሁ» አሉ። «አንድ ችግኝ ለሁለት ቤት። ውኃውን ተከፋፍላችሁ ታጠጣላችሁ፤ በውርጩ ጊዜ ተራ ገብታችሁ ትሸፍናላችሁ። ከደረቀ የሁለታችሁም ነው የደረቀው፤ ከጸደቀም የሁለታችሁም ነው። አንዱ ዛፍ እዚህ ደረቅ ሜዳ ላይ ሲቆም ለልጅ ልጅ ጥላ ይሆናል፤ እናንተም በጥላው ሥር ሰላም ትባባላላችሁ።»

የእኔ ጥንድ ጥሩወርቅ ነበረች።

የጥሩወርቅ ወንድም ደምሴ በእርሻ ወቅት በድንበር ተጣልቶ የአባቴን እጅ በዱላ ሰብሮት ነበር። አጥንቱ ጠማማ ሆኖ ጠገገ፤ አባቴ ከዚያ በኋላ ዋንጫ የሚያነሱት በግራ እጃቸው ነው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ደብር እያስቀደሱ እነሱ በሰሜን በኩል፣ እኛ በደቡብ በኩል እንቆማለን። ለክርስትና አንጠራራም፤ ለተዝካር አንጠራራም። ሐዘን ሲደርስ ብቻ ሰው አይታዘበን ብለን ከሩቅ እንቀመጣለን።

ያን ማታ ለአባቴ ስነግራቸው፣ «ዛፍ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያስታርቀው?» አሉ። ተዪ ግን አላሉኝም።

ከጥሩወርቅ ቤት ነገሩ ይበልጥ ከባድ ነበር። አባቷ ስለሞቱ የሚያሳድጋት ደምሴ ነው። ደምሴ ሴት ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ ምን ትሠራለች ባይ ነበር። መምህር ግርማ ራሳቸው ቤቱ ድረስ ሄደው ለምነው ነው ሰባተኛ ክፍል የገባችው። ደምሴ የፈቀደውም በአንድ ቃል አስሮ ነው፤ «ስሟ በሰው ፊት በክፉ የተነሳ ዕለት ትምህርቷ አበቃ።» ይህን ራሷ ነገረችኝ፤ ስትነግረኝም እየሳቀች ነበር። ምን አጥፍታ ስሟ ይነሳል? የማትሰርቅ፣ የማትሳደብ ልጅ ናት። እኔም ሳቅኩ።

ትምህርት ከተዘጋ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ በታጠረ ቦታ ተከልነው። ክረምቱ ለእኛ ሥራ አልሰጠንም፤ ዝናሙ ያጠጣልናል። መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲደርቅ ግን ጠዋትና ማታ ከወንዙ ውኃ በጀሪካን መሸከም ጀመርን። መጀመሪያ ላይ አንነጋገርም ነበር፤ እሷ ጀሪካኑን ታስቀምጣለች፣ እኔ አነሳለሁ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ዳዊት ሳልደግም ከቤት የማልወጣ፣ የክበቡ ጸሐፊ ሆኜ ተመርጬ ከተራው የቀረውን ልጅ ስም ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ የምመዘግብ ልጅ ነበርኩ። ቀይ እስክሪብቶ እንድይዝ ያዘዘኝ ሰው የለም። ዝምታውን የሰበረችው እሷ ናት።

«ቄስ ፅጌ» አለችኝ አንድ ቀን። «ውኃውን በጸሎት ታወጪዋለሽ ወይስ ጎንበስ ብለን እንቅዳ?»

«አፍሽን ያዢ፣ ረቡዕ ነው።»

«ሳቅ የፍስክ ነው እንዴ?»

እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ በኋላ ወንዙ ዳር ያለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ የሁለታችን ሆነች። ቆሎዬን እከፍላታለሁ፤ እሷ ባቄላ ታመጣለች። አስተማሪ መሆን ትፈልግ ነበር።

«መምህር ግርማ ሁለት ሹራብ ነው የሚደርቡት» አለችኝ። «እኔ ሦስት ነው የምደርበው። ተማሪ ሁሉ ሲያየኝ ይፈራኛል።»

«ቆላ ቢመድቡሽስ?»

«ሦስቱንም አውልቄ ለአንቺ እልክልሻለሁ።»

ውርጩ ሲጀምር መምህር ግርማ ችግኙን በጓሳ ሣር ሸፍኑ አሉን። ጓሳ በእኛ አገር ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት ሣር ነው፤ ሜዳው ሽማግሎች ሲፈቅዱ ብቻ ስለሚታጨድ ያለው ይሰስትለታል፤ ለችግኝ ብሎ የሰጠ ቤት አልነበረም። ጥሩወርቅ ግን አንድ ቀን ትልቅ እስር ጓሳ ተሸክማ መጣች። ደምሴ ነው የሰጣት። ይህን ቤቴ ገብቼ ስናገር አባቴ የያዙትን ዋንጫ አስቀመጡት። «ደምሴ ራሱ?» አሉ። በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ቆሎ ስትቋጥርልኝ አባቴ፣ «ለዚያችም ልጅ ጨምሪላት» አሏት። አባቴ የዚያን ቤት ሰው በበጎ ሲያነሱ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ ትምህርት ቤት የሄድኩት እየሮጥኩ ነበር።

በዚያው ሰሞን መምህር ግርማ አንድ ሽማግሌ ወደ ክበባችን ጋበዙ። አባቶች ነገርን ያለ ደም እንዴት ይጨርሱ እንደነበር እንዲያስተምሩን ነው። ስለ አውጫጭኝ ያወሩን እኚያ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ወፍ ሲነግሩን ልጆች በጣም ወደዱት፤ ለብዙ ቀን በእረፍት ሰዓት አውጫጭኝ እየተጫወትን እርሳስ የሰረቀ ስንፈልግ ሰነበትን። ሽማግሌው ግን መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብለው ነበር። ወፍ ስም ስላወጣ ብቻ ነገሩ አያልቅም፤ ዳኞች ለብቻቸው ቀናት ወስደው ያጣራሉ፤ ስሙ የተጠራውም ሰው ይጠየቃል፤ ወፉም ያየውን ሁሉ እንጂ የመረጠውን አይናገርም ነው ያሉት። ያን ጊዜ ደወል ተደውሎ ግማሹ ልጅ እየወጣ ነበር። እኔ ግን ጸሐፊ ነኝና ጻፍኩት።

የኅዳር ጽዮን ዋዜማ መጣ። ጾመ ነቢያት ከገባ ጥቂት ቀን ሆኖታል። ሽፋኑን ማልበስ የሁለታችን ተራ ነው፤ ቀኑን እርስ በርሳችን ስለተከፋፈልነው የማን ቀን እንደሆነ ከእኛ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የዚያ ቀን ተራ የእኔ ነበር። እኔ ግን ነጠላዬን አጥቤ፣ ሲደርቅ ቆይቼ፣ ዋዜማ እንዳያመልጠኝ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተጣደፍኩ። መንገዱ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው የሚያልፈው። ፀሐይዋ ልትገባ ጥቂት ቀርቷታል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የችግኝ ቦታው በር የእሾህ ቅርንጫፍ ነው፤ በጓሳ ገመድ ይታሰራል። ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆማ፣ እስር ጓሳ በትከሻዋ ይዛ፣ ገመዱን ስትፈታ አየኋት። እሷም አየችኝ። ነጭ ለብሼ ስጣደፍ ስታይ በእጇ «ሂጂ፣ ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ውኃና ሣር ሌላው ይሠራለታል የሚል ነገር በልቤ ነበረ መሰለኝ። በዚያ ዕድሜ ጽድቅና ኩራት እንዴት ተቃቅፈው እንደሚሄዱ ማን ይነግርሻል?

በዓሉን ዋልን። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ስንደርስ ልጆች አጥሩ ላይ ተሰብስበው ይጮሃሉ። በሩ ወድቋል። በግ ገብቶ ችግኙን ሁሉ ጨርሶታል፤ ያልበላውን ረግጦታል። ከዚያ ሁሉ መካከል የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ በጓሳ ተሸፍኖ የነበረው። የእኛው።

ወዲያው ጥንዶቹ ተለያዩ። ሰሌዳ ላይ የነበረው ጸብ ሁሉ ሜዳው ላይ ወረደ። «የእናንተ በግ ነው!» «በሩን የከፈተው ያንተ ወንድም ነው!» ትልልቆቹ ወንዶች ድንጋይ ማንሳት ጀመሩ። መምህር ግርማ በመካከላቸው ገብተው፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወድቆ፣ «ተቀመጡ!» ብለው ጮኹ። እንዲያ ሲጮኹ ሰምተናቸው አናውቅም። «እንደ አባቶቻችሁ እንጨርሰዋለን። አውጫጭኝ ነው። አጥፊው እስኪታወቅ ማንም ከዚህ ሜዳ አይነሳም።»

ተቀመጥን፤ ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በአንድ ወገን። ከስምንተኛ ክፍል ሁለት ልጆች ዳኛ ተብለው ተመረጡና ከመምህር ግርማ ጋር ከክፍሉ ጀርባ ቆሙ። እኛ በየተራ እየሄድን ያየነውን መናገር ነበረብን። ውርጩ እየቀለጠ ሣሩ ቀሚሳችንን ያረጥበዋል። ትንንሾቹ ያለቅሳሉ። ጥሩወርቅ ከእኔ ሦስት ሰው ርቃ ተቀምጣ እጆቿን ታሻሻለች።

ተራዬ ደረሰ። ከክፍሉ ጀርባ ነፋሱ ከባድ ነበር።

«ፅጌ፣ ምን አየሽ?» አሉኝ መምህር ግርማ።

«በዋዜማው ማታ ጥሩወርቅ በሩን ስትፈታ አይቻለሁ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ሌላስ?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ስለ ተሸከመችው ጓሳ ብናገር ለምን እንደገባች ይታወቃል። ለምን እንደገባች ከታወቀ ተራው የማን ነበር ይባላል። የሌላውን ስም በቀይ የምጽፈው እኔ፣ የራሴ ስም በቀይ ሊጻፍ ነው። ይህን ሁሉ ለማሰብ የወሰደብኝ ጊዜ ትንፋሽ ለመሳብ የሚበቃ ብቻ ነበር።

«ሌላ የለም፣ ጋሼ» አልኩ።

ሁሉም ተጠይቆ ካለቀ በኋላ ሜዳው ላይ ጠሯት። እኚያ ሽማግሌ ያሉት ቀን አልተጠበቀም፤ ማጣራትም አልነበረም። መምህር ግርማ ልጆቹ ድንጋይ ሳያነሱ ነገሩን ለመጨረስ ቸኩለው ነበር፤ አልፈርድባቸውም።

«ጥሩወርቅ፣ በዋዜማው በሩን ከፍተሻል?»

ብድግ አለች። «አዎ።»

«ዘግተሽዋል?»

«እጄ ደንዝዞ ነበር… ያሰርኩት መስሎኝ ነበር።»

ይህን ሳትጨርስ ከወንዶቹ ወገን አንዱ ተነሳ። «የእሷ ብቻ ነው የተረፈው! እዩት! የእሷን ሸፍና የእኛን አስበላች!» ሌላው ተቀበለው፤ «የደምሴ እህት አይደለች!» ሳቅና ጩኸት ተቀላቀለ። እሷ ቆማ ዙሪያውን አየች፤ ከዚያም እኔን አየችኝ።

«ፅጌ ታውቃለች» አለች። «ለምን እንደገባሁ ፅጌ ትናገር።»

መምህር ግርማ ወደ እኔ ዞሩ። «ፅጌ?»

ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ቃሉ በአፌ ውስጥ ነበር፤ ክብደቱ ዛሬም ይሰማኛል። ተነሳሁና እንዲህ አልኩ፦

«እኔ በዋዜማው ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ።»

እውነት ነው፤ ነበርኩ። ቁጭ አልኩ።

ጥሩወርቅ አላለቀሰችም፤ አልተሳደበችም። «እንግዲያው እኔ ነኝ» አለችና እሷም ቁጭ አለች።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መንደር ገባ። ከሰዓት በኋላ ደምሴ መጣ። ይጮሃል፣ ይደባደባል ብለን ፈርተን ነበር፤ እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ፣ መምህር ግርማን እጅ ነስቶ፣ በለሆሳስ ነው የተናገረው።

«መምህር፣ አላልኩዎትም ነበር?»

«ደምሴ፣ ወንድሜ፣ የልጆች ነገር ነው። እኔ ራሴ ቸኩዬ ነው። ትቅር አትበል፤ እለምንሃለሁ።»

«ስሟን በሰው ፊት ያወጡት እርስዎ ነዎት። እኔ አይደለሁም።»

ደምሴ እህቱን በዓይኑ ጠራት። ተከትላው ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ደብተሯን ከጉያዋ አውጥታ ለመምህር ግርማ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው፤ ማንም ስጪ አላላትም።

ማታ ቤቴ ስገባ አባቴ ሰምተዋል። «ጓሳውንም የሰጠው ለዚሁ ነው» አሉ። «እነዚያ ሰዎች አይለወጡም።» እኔ እራት ቀርቦልኝ ነበር። በላሁ። አባቴ ስለዚያ ቤት ሲናገሩ ድምፃቸው ላይ ትንሽ ለስልሶ የነበረው ነገር ተመልሶ ሲደነድን እየሰማሁ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር እንደሚለሰልስ እያወቅኩ፣ በላሁ። በማግሥቱ ወደ እነ ጥሩወርቅ ቤት ተነሳሁ፤ ወንዙ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በሳምንቱ ጊሼ፣ ራቤል ከተማ ወዳለች አክስቷ ዘንድ እንደላኳት ሰማን። ብዙም ሳይቆይ ተዳረች።

ከዚያ በኋላ ክበቡ አልተሰበሰበም። መምህር ግርማም ዓመቱ ሲያልቅ ዝውውር ጠይቀው ወደ ቆላቸው ወረዱ። የተረፈው ጽድ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ወደዚያ ወገን ማየት ትቼ ስለነበር አላውቅም።

አንድ ጊዜ አገኘኋት። የጤና ትምህርቴን ጨርሼ፣ ለክትባት ዘመቻ ጊሼ ተልከን፣ ራቤል ላይ በገበያ ቀን ጠረጴዛ ዘርግተን ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰልፈዋል። ካርዱን እየጻፍኩ ሳለ አንድ ድምፅ፣

«ቄስ ፅጌ» አለኝ።

ቀና አልኩ። ከስታለች፤ ሳቋ ግን እዚያው ነው። ልጅ ታቅፋለች፤ ሌላ ልጅ ቀሚሷን ይዟል። ተሳሳምን። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፤ ስለ አባቴ እጅ ጠየቀችኝ። ነጭ ጋወኔን ዳሰስ አድርጋ፣ «አምሮብሻል፤ አንድ ሹራብ እንኳ ከሥሩ አልደረብሽም» አለች። ልጁን ወጋሁት፤ አለቀሰ፤ አባበለችው። እያባበለችው፣ እኔን ሳታየኝ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ሦስት ቀን በራችን ላይ ተቀምጬ መንገዱን አየሁ። ትመጪ መስሎኝ።»

ወንዙ ድረስ መጥቼ ነበር ልላት አሰብኩ። ይህ ግን ሌላ ሰበብ ሆኖ ታየኝ። «ጥሩወርቅ…» አልኩ። ከኋላዋ ያሉት እናቶች፣ «ኧረ ፀሐዩ በረታ፣ ምን ታስቆሙናላችሁ!» ብለው አጉረመረሙ። እሷም፣ «በቃ፣ ሰው አናስቁም» ብላ ሕፃኑን አዝላ፣ ትልቁን በእጇ ይዛ ገበያው ውስጥ ገባች። ነገ ፈልጌ አገኛታለሁ አልኩ። ነገ ጠዋት መኪናው ወደ ሌላ ቀበሌ ወሰደን።

ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። ጾምና ስግደት ሰጡኝ፤ ፈጸምኩ። «ይህ ለእግዚአብሔር ነው» አሉኝ፤ «ለእሷ ግን ሄደሽ ራስሽ ንገሪያት።» እኅቴ በስልክ ስታጠያይቅልኝ ከራቤል ከባሏ ጋር ከተነሱ ብዙ ዘመን እንደሆነ ነገሯት። ወደ ቆላ ወርደዋል ይላል አንዱ፤ ሌላው ሌላ ይላል። ደምሴም አርፏል፤ አባቴም አርፈዋል፤ ሳይታረቁ። እኔ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ርቄ፣ በየቀኑ የሰው ልጅ ተቀብዬ ለእናቱ አስታቅፋለሁ፤ ሰዎችም ምስጉን ሴት ናት ይሉኛል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ካህኑ ቀረብኩ። በጸሎት እንዲያስቡልኝ የሰው ስም ልሰጣቸው ነው። ትንሿን ወረቀት አውጥተው እስክሪብቶ ያዙ።

«ስሟ ማን ነው፣ ልጄ?»

«ጥሩወርቅ።»

«የክርስትና ስሟስ?»

ስንት ሳምንት ከአንድ ወንዝ ቀድተናል፣ ከአንድ ቋጠሮ ቆሎ በልተናል። አንድ ቀንም አልጠየቅኳትም። ቤታችን ለቤታቸው ክርስትና አይጠራም፣ አይሄድም፤ የሚነግረኝም አልነበረም። ራቤል ላይ የልጇን ስም በካርድ ጽፌ፣ የእናት ስም በሚለው ላይ ስሟን ጽፌ፣ ያኔም አልጠየቅኳትም።

«አላውቀውም፣ አባ» አልኳቸው።

ካህኑ ደግ ሰው ናቸው፤ ፊቴን አይተው እስክሪብቷቸውን ከደኑ። «ግድ የለም» አሉኝ። «እግዚአብሔር ያውቃታል።»

እሱማ ያውቃታል። የማላውቃት እኔ ነኝ።